ስድስት ምን?

ባለፈው ዓመት አንድ የድሮ ባልደረባዬ ደወለልኝ። የሚያስተምርበት ዩኒቨርሲቲ የስዋሂሊ ቋንቋ ኮርስ ሊጀምር አስቦ መምህር ሲያፈላልግ ሰንብቷል። «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይኼ ነው! አንተ እያለህ ናይሮቢ ድረስ ደብዳቤ ስንጽፍ» አለኝ እየሳቀ። «ዳሬሰላም ሁለት ዓመት ተምረህ የለም እንዴ? ዲግሪህስ የአፍሪካ ቋንቋዎችና ባህሎች አይደል?»

አዎ፣ ነው። ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ማኅተሙ አልደበዘዘም፤ ውጤቱም አያሳፍርም። ባልደረባዬ የማያውቀው፣ ከዚያ ሁሉ ትምህርት አፌ ላይ የቀረው ሰላምታ መለዋወጥ፣ ሻይ ማዘዝና እስከ ሃያ መቁጠር መሆኑን ነው። «ላስብበት» አልኩትና በሳምንቱ ደውዬ ጊዜ እንደሌለኝ ነገርኩት። ጊዜስ ነበረኝ። የሌለኝ ቋንቋው ነው።

በጥር 2014 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው ስዋሂሊን የኅብረቱ የሥራ ቋንቋ ሲያደርጉት፣ ዜናውን የሰማሁት ታክሲ ውስጥ ነበር። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ዩኔስኮ ሰኔ 30ን የዓለም የስዋሂሊ ቋንቋ ቀን ብሎ ሰይሞታል። ሾፌሩ ዜናው ሳያልቅ ሬዲዮውን ወደ ስፖርት አዞረው። እኔ ግን አበዳሪውን መንገድ ላይ እንዳየ ሰው ፊቴን ወደ መስኮቱ መለስኩ።

ዕድሉ የመጣልኝ በ2001 ዓ.ም. ነው። አንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥነ ጽሑፍ የማስተምር ጀማሪ መምህር ነበርኩ። ለአውሮፓና ለአሜሪካ የላክኋቸው ማመልከቻዎች በሙሉ «እናዝናለን» እየተባሉ ሲመለሱ፣ ከታንዛኒያ ሙሉ ወጪዬን የሚሸፍን የሁለተኛ ዲግሪ ዕድል ተገኘ። ጓደኞቼ «አፍሪካ ልትሄድ ነው?» አሉኝ። ማንም አልሳቀም፤ እኔም አልሳቅኩም። የአፍሪካ መዲና ነን የምንል ሰዎች፣ አፍሪካን ከቦሌ ተነሥተው የሚሄዱባት ሌላ አገር አድርገን ስናወራት አንዳችንንም አልጎረበጠንም። ደሴ ያለችው እናቴ «እዚያ ደግሞ ምን ይማራሉ ልጄ?» ብላ ስትጨነቅ «ለመሸጋገሪያ ነው እማዬ» ብዬ አጽናናኋት። ሁለቱን ዓመት የበላብኝ ይህ ቃል ነው። ድልድይ ላይ ጎጆ የሚቀልስ የለም፤ እኔም ዳሬሰላምን ረግጫት አለፍኩ እንጂ አልኖርኩባትም።

ቁጭቴን የሚያብሰው ደግሞ ከሌሎቹ ተማሪዎች ቀድሜ መነሣቴ ነው። ማጎሜኒ በሚባል ሠፈር፣ ዛንዚባር ተወልደው እ.ኤ.አ. ከ1964ቱ አብዮት በኋላ ባሕሩን የተሻገሩ አንዲት አሮጊት ቤት አንድ ክፍል ተከራየሁ። ሠፈርተኛው ሁሉ «ቢቢ» ይላቸዋል፤ አያቴ እንደማለት። በገባሁ ዕለት ማታ፣ ነገ «ሳ ምቢሊ» ቁርስ አብረን እንብላ አሉኝ፤ ሁለት ሰዓት ማለታቸው ነው። እኔ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተገኘሁ። ከጎኔ ያለውን ክፍል የተከራየው ጃፓናዊ የክፍል ጓደኛዬ ግን በራሱ ሰዓት ቆጥሮ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ብቅ አለ። ስዋሂሊ ተናጋሪ ቀኑን የሚቆጥረው እንደኛው ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ነው። ቢቢ ስቀው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ይኼ የእኛ ልጅ ነው» ማለታቸውን የልጅ ልጃቸው በእንግሊዝኛ ነገረችኝ።

እውነትም ባዶ እጄን አልሄድኩም። ሰላም «ሳላማ» ነው፤ ሳሙና «ሳቡኒ»፣ ባሕር «ባሃሪ»፣ ደም «ዳሙ»፣ ኮፍያ «ኮፊያ»። እኛ በር ላይ ቆመን «ቤቶች!» እንደምንለው እነሱ «ሆዲ!» ይላሉ፤ ከውስጥ «ካሪቡ» የሚል መልስ ይመጣል። ታናሽ ለታላቁ «ሺካሞ» ብሎ ሰላምታ ይሰጣል፤ መነሻው «እግርዎን ይዣለሁ» ማለት ነው። የሽማግሌ ጉልበት እየሳመ ላደገ የወሎ ልጅ ይህ ምኑ እንግዳ ነው? ጃፓናዊው ሁሉንም ከዜሮ ሲጀምር እኔ የመንገዱን እኩሌታ በጆሮዬ ይዤ ነበር የደረስኩት። እኩሌታው በነፃ ስለተሰጠኝ ግን ሙሉውን የተጓዝኩ መሰለኝ።

የቀረው እኩሌታ ሥራ ይጠይቅ ነበር። ስዋሂሊ የባንቱ ቋንቋ ነው። ስሞቹን ወንድና ሴት ብሎ ሳይሆን በምድብ በምድብ ይለያቸዋል። ሰው «ምቱ»፣ ሰዎች «ዋቱ»፤ ወንበር «ኪቲ»፣ ወንበሮች «ቪቲ»። ቅጽሉም ግሱም የስሙን ምድብ እየተከተለ መልኩን ይለውጣል። አንድ ቀን መምህራችን «ኪታቡ» የሚል ቃል ሰሌዳው ላይ ጻፉ። እኛ አገር በአንገት የሚንጠለጠለው የክታብ ዘመድ ነው፤ ከዐረብኛ የመጣ፣ መጽሐፍ ማለት። ስዋሂሊ ግን የቃሉን መነሻ «ኪ» የገዛ ምድቡ ምልክት አድርጎ ቆጠረውና መጻሕፍትን «ቪታቡ» አላቸው። መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጠው «እንግዳን ቤተኛ የምናደርገው እንዲህ ነው» አሉ። ክፍሉ በሙሉ ጻፈ። እኔም ደስ ብሎኝ ሳቅሁ፤ ደብተሬን ግን አልገለጥኩም። ፊቴ ላይ ተዘርግቶ የነበረው የአንድ አሜሪካ ያለ ዩኒቨርሲቲ የማመልከቻ ቅጽ ነው።

ፈተናውን እንዴት አለፍክ ትሉኝ ይሆናል። የቀደሙትን ዓመታት የፈተና ወረቀቶች ፎቶ ኮፒ እያደረግሁ ሸመደድኩ። የተሸመደደ ቋንቋ መልስ መስጫ ወረቀት ላይ ያምራል፤ ገበያ ይዘውት ሲወጡ ግን አፍ ውስጥ እንደ አሸዋ ይበተናል። ከክፍል ስወጣ የምገባው ሐበሾች የሚሰበሰቡበት ምግብ ቤት ነው። እንጀራ በልተን፣ ቡና አፍልተን፣ ስለ ሀገር ቤት ፖለቲካና ስለ ዲቪ አውርተን እንለያያለን። ከተማዋን «ሙቀቷ አይቻልም» ከማለት በቀር ስለ እሷ አንነጋገርም ነበር።

ኮርሶቹ እንዲህ የሚባክኑ አልነበሩም። ኬንያዊው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1968 ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ «የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ይፍረስ» ብለው የጻፉትን ሰነድ አንብበናል። ጥያቄያቸው ቀላል ነው፤ አፍሪካዊ ተማሪ የራሱን መሃል አድርጎ የሌላውን ከዚያ ተነሥቶ ለምን አይማርም? ንጉጊ በ1977 መጨረሻ ታስሮ በኪኩዩ ቋንቋ ልብ ወለድ የጻፈው በሽንት ቤት ወረቀት ላይ መሆኑን ስንማር፣ በደርግ እስር ቤት «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ የተረጎመው ነቢይ መኮንን ትዝ ሊለኝ ይገባ ነበር። ጁሊየስ ኔሬሬ አገር እየመሩ ሼክስፒርን ወደ ስዋሂሊ መመለሳቸውን፣ «የቬኒሱ ነጋዴ»ንም «ማቤፓሪ ዋ ቬኒሲ»፣ የቬኒስ ከበርቴዎች ብለው መሰየማቸውን ስሰማ፣ ስለ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሐምሌትና ኦቴሎ እጄን አውጥቼ መናገር እችል ነበር። ይህን ጎን ለጎን አድርጌ እንዳጠና አማካሪዬ ራሳቸው ጠቁመውኛል። «ጽሑፉን በሁለቱም ቋንቋ ማንበብ ይጠይቃል፤ ጊዜ ይፈጃል» ብዬ ተውኩት። በምትኩ ስለ ንጉጊ የቋንቋ አቋም ጻፍኩ፤ በእንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ መጻሕፍት፣ በሁለት ወር። በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ ጻፉ እያለ የሚሟገተውን ሰው በእንግሊዝኛ አሞግሼ «ኤ» አገኘሁ።

ማታ ማታ ማጎሜኒ ወደ ደጅ ትወጣለች። በየቤቱ ደጃፍ «ባራዛ» የሚሉት መደብ አለ፤ ቡና ሻጩ ጀበናውን ከሰል ላይ እንደጣደ በሠፈሩ ይዞራል። ቢቢ መደቡ ላይ ተቀምጠው፣ ጠርዙ ከተበላ አንድ ደብተር ያዜማሉ። ደብተሩን የገለበጡት ቁርአን ያስተምሩ የነበሩት አባታቸው ናቸው፤ ቋንቋው ስዋሂሊ፣ ፊደሉ ዐረብኛ። ከሁሉ የሚወዱት ምዋና ኩፖና የተባለች የፓቴ ደሴት ሴት እ.ኤ.አ. በ1858 ገደማ ለልጇ የጻፈችውን የምክር ግጥም ነበር። ከመቶ በላይ አንጓ አለው። እያንዳንዱ አንጓ አራት ስንኝ ነው፤ ሦስቱ እርስ በርስ ቤት ይመታሉ፣ አራተኛው ደግሞ በአንድ ድምፅ እያረፈ ግጥሙን ከዳር እስከ ዳር ይሰፋዋል። ይህን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ያውም ከመጽሐፍ ነው። ያኔ የማውቀው የቢቢ ዜማ በመስኮቴ ገብቶ የእንግሊዝኛ ፈተና ልምምዴን እንደሚረብሸኝ ነበር። መለኪያ ተብሎ በየትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ስዋሂሊ የተቀዳው ከዛንዚባር ከተማ ንግግር ነው፤ መለኪያው አፍ ከእኔ አልጋ አንድ ግድግዳ ማዶ ይኖር ነበር።

አንድ ማታ ቢቢ ደብተሩን ወደ እኔ አዙረው «እናንተ አገርስ ቋንቋችሁን በዚህ ፊደል የጻፈ ሰው አለ?» ብለው ጠየቁኝ። አንገቴን ቀና አድርጌ መለስኩ። «እኛ የራሳችን ፊደል አለን፤ የማንንም አልተዋስንም።» ቢቢ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ደብተሩን አጠፉት። ጃፓናዊው በማግስቱ ዱካ ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ። ስንመረቅ ያንን ደብተር አብሯቸው ሁለት ጊዜ ዘልቆት ነበር።

የራሳችን ፊደል፣ የራሳችን የዘመን አቆጣጠር፣ ያልተገዛን ሕዝብ። ሁሉም እውነት ነው። እኔ ግን ይህን እውነት ስንቅ አድርጌ አልተጓዝኩበትም፤ በር መዝጊያ አደረግሁት። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባላል። እኔ ዓባይ የእኔ ነው እያልኩ ምንጩን ንቄ በጥም የተመለስኩ ሰው ነኝ።

በሁለተኛው ዓመት መገባደጃ የምግብ ቤቱ ባለቤት ደወለልኝ። ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲያቋርጡ የተያዙ አራት የሆሳዕና አካባቢ ልጆች ችሎት ሊቀርቡ ነው፤ አስተርጓሚ የላቸውም። «አንተ ቋንቋቸውን የምታጠናው ድረስላቸው እንጂ!» አለኝ። ሄድኩ። እግራቸው ቆሳስሏል፤ ትልቁ ሃያ ዓመት የሚሞላው አይመስልም። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ፤ የአገራቸው ሰው፣ ያውም የተማረ። እርስ በርሳቸው በሀዲይኛ ሲንሾካሾኩ አንድም ቃል አልገባኝም፤ የገዛ አገሬ ቋንቋ ነው። ከዚያ ዳኛው ገብተው በስዋሂሊ መናገር ጀመሩ፤ ሳይቸኩሉ፣ ጥርት ባለ ድምፅ። በዚያ ሁሉ ንግግር መሃል የማውቃት አንዲት ቃል እስክትመጣ ጠበቅሁ። በመጨረሻ መጣች፤ «ሲታ»። ስድስት። ሰዓት ስቆጥር የለመድኳት ቁጥር ናት፤ «ሳ ሲታ» እኩለ ቀን ነው።

«ምን አሉ?» አለኝ ትልቁ ልጅ።

«ስድስት» አልኩት።

«ስድስት ምን?»

ከቁጥሯ ፊት የነበረችውን ቃል አላውቃትም። ቀን ትሁን፣ ወር ትሁን፣ ዓመት ትሁን አላውቅም። ልጁ አፌን ሲያይ፣ እኔ መሬት መሬት ሳይ፣ ፖሊሶቹ አስነሥተው ወሰዷቸው። እኔ የቃሉን ፍቺ ደጅ ላይ እንግሊዝኛ ከሚችል ሰው ጠይቄ ሰማሁ። ልጁ ግን ጥያቄውን እንደያዘ ገባ። በዚያ ሴሚስተር የስዋሂሊ ውጤቴ «ቢ ፕላስ» ነበር።

ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ ቢቢ እስከ በሩ ሸኙኝና አንድ ምሳሌያዊ አነጋገር አሉኝ፤ «ማጁቶ ኒ ምጁኩ»። ጸጸት የልጅ ልጅ ነው። እኔም እንደ ልማዴ ሳይገባኝ ራሴን ነቅንቄ «አሳንቴ» አልኩ፤ አመሰግናለሁ። ልጅ ጉልበት እያለህ ይመጣል፤ የልጅ ልጅ ግን የሚመጣው ካረጀህ በኋላ ነው፣ ታቅፈህ ከመቀመጥ በቀር ምንም በማታደርግበት ጊዜ። አሜሪካ ያመለከትኩበትም ቦታ አልተሳካም። መሸጋገሪያ ያልኩት ድልድይ ማዶ አልነበረውም። አገሬ ተመልሼ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ኮርስ ማስተማር ቀጠልኩ። ከዚያ ገዝቼ ያመጣሁት ስዋሂሊን በስዋሂሊ የሚፈታ ወፍራም መዝገበ ቃላት መደርደሪያዬ ላይ አለ። አቧራውን የምታራግፈው ባለቤቴ ናት።

የልጅ ልጁ በ2012 ዓ.ም. መጣ። ከጃፓናዊው ኢሜይል ደረሰኝ፤ የጻፈልኝ በስዋሂሊ ነው። ስልኬ ላይ ባለው መተርጎሚያ አስገብቼ አነበብኩት። በዐረብኛ ፊደል የተጻፉ የአፍሪካ ቋንቋዎችን ሲያጠና፣ የወሎው ሼኽ ጦልሃ ጃዕፈር በአማርኛ የደረሱት መንዙማ በዚያው ፊደል መጻፉን ደርሶበታል። «አንተ የደሴ ልጅ ነህ፤ አንድ ገጽ ብልክልህ ታነብልኛለህ?» ይላል። መንዙማ ከአጥር ማዶ፣ ከጎረቤቶቻችን ቤት እየሰማሁ ነው ያደግሁት። እንዲያ የተጻፈ አማርኛ መኖሩን ግን የነገረኝ ጃፓናዊ ነው። «የማንንም አልተዋስንም» ብዬ ለቢቢ የሰጠሁት መልስ ትዕቢት ብቻ አልነበረም፤ ስሕተትም ነበር። ቢቢ ጉልበታቸው ላይ የዘረጉልኝ ደብተር ዛንዚባርን ብቻ አልነበረም የሚያሳየኝ፤ ያንን ፊደል ከእሳቸው ብማር ኖሮ የጎረቤቶቼን አማርኛ አነብበት ነበር። ለኢሜይሉ መልስ አልጻፍኩም። ቢቢ ቤት ደወልኩ፤ ቁጥሩ አይሠራም።

አንዳንዴ ጥፋቱ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ይሰማኛል፤ ይህ ግን ቁጭቴን አያቀለውም። ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለው ጀርመናዊ ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም። እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ ኢትዮጵያዊውን ካህን አባ ጎርጎርዮስን አገኘ፤ በ1652 ደግሞ ጎታ ከተማ አብረው ቁጭ አሉ። በ1661 የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ በ1698 የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ። ሌላው የውጭ አገር ምሁር ዎልፍ ሌስላው በ1940ዎቹ ሊጠፋ የተቃረበውን የጋፋትኛ ቋንቋ ተናጋሪ ፍለጋ ጎጃም ወርዶ አራት ሰዎች አገኘ፤ ከእነሱ አፍ የቀዳውን መጽሐፍ አደረገው። እኛ ይህን የምናወራው «ፈረንጅ እንኳ ያጠናናል» እያልን፣ በኩራት ነው። ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ተጠናን። ማንን አጠናን? ከእኔ ጋር ስዋሂሊ ክፍል የተቀመጡት ጃፓናዊ፣ ጀርመናዊና ኮሪያዊ ሌላ አገር ለመማር መጥተው ነበር። እኔ ወረቀት ለማግኘት ሄድኩ። ሁላችንም የመጣንበትን አግኝተን ተመለስን።

በዚህ ወር አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ወደዚያው አገር የትምህርት ዕድል አግኝታ ልትሰናበተኝ መጣች። «ለመሸጋገሪያ ያህል ነው፣ መምህር» አለችኝ። ሻይዋ እስኪበርድ ድረስ ይህን ሁሉ ነገርኳት። እንደ እሷ ዕድሉ ለደረሳችሁ ሁሉ የምላችሁም ይህንኑ ነው። በሄዳችሁበት የሌላ አገር ማመልከቻ አትሙሉ። መደቡ ላይ ተቀመጡ። አዛውንት ደብተር ሲዘረጉላችሁ ስለ ራሳችሁ ፊደል ከማውራታችሁ በፊት «ያንብቡልኝ» በሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ ከጎናችሁ የተቀመጠውን የአገራችሁን ልጅ፣ የሀዲያውን፣ የአፋሩን፣ የአገዉን፣ በቋንቋው ሰላምታ እንዴት እንደሚባል ጠይቁት።

ስድስት ወር በስዋሂሊ «ሚዬዚ ሲታ» ነው። ተማሪዬ ስትወጣ በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ሰጠኋት። ከሁለት ዓመት ትምህርቴ ለሰው የሰጠሁት ይኸው ነው።